ያልተሳለው ምላጭ

ሐሙስ፣ ኦገስት 30፣ 1973

«እስከ ፋሲካ በሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ እግሯ የሚያብጥ አንዲት ሴት አትኖርም።»

ይህን ያለው ዳይሬክተር ክሮውፓ ነው፤ ምሳ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ቆሞ፣ ከሚኒስቴር ለመጣው እንግዳ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ መፍተያ ፋብሪካ ስሠራ የሴቶች እግር አለቃ ሲያስጨንቅ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልቤ ተነካ። የእንስላል መረቁን እንኳ ሳላማርር በላሁት።

ከዚያ ወጥቼ ይህን ደብተር ገዛሁ። ለትዝታ አይደለም። የሙከራ ክፍል ባልደረባዬ ኢንጂነር ዝድራዢል ሁሉን ነገር ስለሚጽፍና ስንከራከር ገጽ ጠቅሶ ስለሚረታኝ ነው። እኔም ገጽ ይኑረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲሱ ማሽን እንዝርት የለውም። ክሩን የምትፈትለው ከጡጫ ያነሰች፣ ዓይን እስኪያጣት የምትሽከረከር ኩባያ ናት። ክር ሲበጠስ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ይመጣል፤ ጫፉን ከጥቅሉ ላይ ፈልጎ ይቆርጠዋል፤ ወደ ኩባያዋ መልሶም ይቀጥለዋል። ይቀጥለዋል ተብሎ ይጠበቃል ማለቴ ነው። ለጊዜው በደንብ የሚችለው መምጣቱን ብቻ ነው።

ችግሩ አቆራረጡ ላይ ነው። ዝድራዢል በስለት ያምናል። እኔ ወደ ሙከራ ክፍል ከመዛወሬ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት ክር ቀጣይ ሆኜ ቆሜያለሁ፤ ከኛ መሃል በመቀስ ቆርጣ የቀጠለች ሴት አላየሁም። ክሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ወደ ኋላ አሽከርክረን የከረረውን እናላላለን፤ ከዚያ እንጎትታለን። ጫፉ ሳስቶ እንደ ቀለም ብሩሽ ይበተናል፤ አዲሱ ጥጥ የሚይዘው እሱን ነው። በስለት የተቆረጠ ጫፍ ግን ጉቶ ነው። ጉቶ ምንም አይዝም።

ስለዚህ የኔ መቁረጫ ሁለት የጎማ ከበሮዎች አሉት፤ ክሩን ያላላሉ። ከዚያ ሆን ተብሎ የደነዘ ምላጭ ይጎትተዋል። ዝድራዢል ሲያየው «ይሄ ምላጭ ነው ወይስ የሾርባ ማንኪያ?» አለኝ። ጻፍኩት። ገጽ አንድ።

ከሚኒስቴሩ የሚላከው ኮሚሽን ኖቬምበር 16 ይመጣል። ከሁለቱ መቁረጫዎች አንዱን ይመርጣል። ሁለቱም ካልያዙ ጋሪው ወደ መጋዘን ይገባል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 2

ከኦቲሊያ ጋር እንጉዳይ ለቀማ ጫካ ወጣን። ኦቲሊያ ከኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች፤ ፋብሪካ የተቀጠርነውም በአንድ ቀን ነው። እኔ ወደ ሙከራ ክፍል ስሄድ እሷ ሦስተኛው አዳራሽ ቀረች። ከሷ የተሻለ ክር ቀጣይ የለም። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ግን አትናገርም፤ ሌሎች እስኪናገሩ ትጠብቃለች።

ጉቶ ላይ ተቀምጠን ማስመሪያዬን አወጣሁ።

«ምን ልትለኪ ነው? ቀለበት ልትገዢልኝ ነው?»

«ክሩን ስትጎትቺ እጅሽ ስንት እንደሚሄድ ላውቅ ነው። እስቲ ይሄን በጥሺ።»

በጠሰች። ደገመች። አሥር ጊዜ አስበጠስኳት።

«እንግዲህ ንገሪኛ፣ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አራት ሚሊሜትር። አሥሩም።»

«ወይ ጉድ! ማሽን ነኝ በይኛ!» ሳቀች። ከዚያ ዳቦዋን በጨርቅ መልሳ እየጠቀለለች፣ «ጋሪው ከሠራ ስንት ሰው ይበቃዋል?» አለችኝ።

«እኔ መቁረጫውን ነው የምሠራው፣ ኦቲ። የሰው ነገር የቢሮ ጉዳይ ነው።»

«ካልሠራስ?»

«ካልሠራማ አዳራሹ እንዳለ ይቀጥላል። ቢያንስ አምስት ዓመት።»

«አሃ» ብላ ጎንበስ አለችና አንድ እንጉዳይ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመረች። መርዛም ነበር። እሷ እንጉዳይ ስትሳሳት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጀርባዋን እያመማት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 6

ከሃምሳ ቅጥያ አርባ አንዱ ያዘ! የዝድራዢል አሥራ ስምንት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 10

አሥራ አንድ። ከሃምሳ።

ምንም አልነካሁም። ያው ምላጭ፣ ያው ክር፣ ያው ጋሪ። ዝድራዢል «ማንኪያሽ ዛሬ ሾርባ አማራት» አለ።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 14

ትናንት ሠላሳ ስምንት ያዘ። እንግዲህ ሰኞ የሆነው እርጥበት ነው። እሑድ ማሞቂያው ስለሚጠፋ ጥጡ ይርሳል። ለዳይሬክተሩ ስለ እርጥበት ሁለት ገጽ ጻፍኩ።

ጋሽ ሽቴርባ እንደ ወትሮው የእንጨት ሳጥኑን ይዞ መጣ። አርብ አርብ በፋብሪካው ያለውን ስለት ሁሉ፣ ከምሳ ቤቱ ቢላዋ ጀምሮ፣ ሲስል ይውላል። የጠረጴዛዬን መቀስ ስሎልኝ ሄደ። ወረቀት ስቆርጥ ጣቴን ቆረጥኩ። ጎበዝ ሽማግሌ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

አሥራ አራት። የዝድራዢልም አሥራ አራት።

እርጥበቱን ለካሁ። እንደ ሐሙሱ ነው። ሁለቱን ገጾች መልሼ ወሰድኩ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 25

ትናንትም እንደዚያው፤ አሥራ ሁለት። ሰኞ ሰኞ የኔና የሱ ውጤት መንትያ ይሆናል። ሐሙስ ሐሙስ እኔ እጥፍ እበልጠዋለሁ። እርጥበት ይህን አያደርግም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው።

የሙከራ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ራሴን ጠይቄያለሁ፤ እኔ አይደለሁም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 3

ስብሰባ። ቸኩያለሁ። ሁሉም ፊት ተናገርኩ። «ጓድ ኢንጂነር ምላጬን እሑድ እየቀየረ ሰኞ ያሳፍረኛል።» ክሮውፓ እርሳሱን ጣለ። ዝድራዢል ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። ሲነጣ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ጥፋተኛ ሰው ቀልቶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ገጽ አለኝ» አልኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 4

ክሮውፓ ቢሮው ጠራኝ። ወንበር አላቀረበልኝም።

«ጓድ ድራሆሚራ ቫንኮቫ፣ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። አለዚያ መቁረጫሽ ኮሚሽኑ ፊት አይቀርብም።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ። በጽሑፍ።»

«እሺ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ላለመጠየቅ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» ብዬ ወጣሁ።

ምሽቱን ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ሰው አታዋርጂ ብላ ያሳደገችኝን እናቴን አሳፍሬያታለሁ። ሌላው ሁሉ ግን ያስቆጣኛል። ዝድራዢል አምስት ዓመት ተምሯል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ክር አልቀጠለም። ሥዕሉ ላይ ክር ቀጥ ያለ መስመር ነው። አንዲት ሴት ክር ምን እንደሆነ ስትነግረው ስለ ሾርባ ያወራል። እኛ መቶ ዓመት ሙሉ በጣታችን ያወቅነውን አንድ ሰው ብረት ላይ መጻፍ አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ እሱ አይሆንም።

ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን ወፍራም የሩሲያ ልቦለድ ከፈትኩ። ገጽ ሁለት መቶ ደርሻለሁ፤ ሰዎቹ ገና ሻይ እየጠጡ ነው። ከነሱ መሃል አንዱ ተነሥቶ አንድ ብሎን ቢያጠብቅ ግማሹ ችግር ይፈታ ነበር።

ከላይ የኦቲሊያ እግር ይሰማል። ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለሳለች። ስምንት ሰዓት ቆማ ውላ እቤት ደግሞ ትራመዳለች። ልወጣና ላያት አስቤ ነበር። አልወጣሁም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16

አዳራሹ ውስጥ አለፍኩ። ሴቶቹ ዝም አሉ። ቀድሞ ሳልፍ «ኧረ ነይ ቁጭ በይ፣ የቢሮ ሰው ሆንሽና ረሳሽን» እያሉ ይሳደቡኝ ነበር። ስድቡ ይሻለኝ ነበር። ጫጫታው ስለበዛ ሰላምታዬን አልሰሙኝም ይሆናል። የማሽኑ ድምፅ ከድሮው አልበለጠም፤ ግን ምክንያቱ ይህ መሆን አለበት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 22

አሥር። እስካሁን ዝቅተኛው። ይቅርታ አልጠየቅኩም።

አርብ፣ ኦክቶበር 26

ተገኘ! ተገኘ! ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዝድራዢልን እጅ ከፍንጅ ልይዝ ወስኜ ጠዋት ከመደርደሪያው ኋላ ተደበቅሁ። የአርባ አራት ዓመት ሴት፣ ከመጥረጊያ ጋር። አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ሽቴርባ ነው፣ ሳጥኑን ይዞ፤ ቁልፍ እንዳለው ማንም አስቦ አያውቅም፤ አርባ አንድ ዓመት የሁሉም በር ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ጋሪው ሄደ፤ የኔን ምላጭ ፈታ፤ በድንጋዩ ላይ ምራቁን እንትፍ አለና ሹይ፣ ሹይ፣ ሹይ።

ወጣሁ። «ጋሽ ሽቴርባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ውይ፣ አስደነገጥሽኝ! እያስተካከልኩልሽ ነዋ የኔ ልጅ። ይሄው ስምንት ሳምንቴ። ምን ዓይነት ብረት ነው የሰጡሽ? በሳምንቱ ስመለስ ቅቤ አይቆርጥም።»

«እንዳይቆርጥ ነው የተሠራው።»

«ምላጩ?»

«ምላጩ።»

«እንዳይቆርጥ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ፣ ለቀብር እንደሚወለቀው። «ጀርመኖች በነበሩበት ጊዜ እንኳ እዚህ ቤት ደንዞ ያደረ ስለት የለም» አለ። ከዚያ ሰኞ ሰኞ ምን እንደሚሆን፣ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነም እስከ ሐሙስ ክሩ መልሶ እንደሚያደነዝዘው ነገርኩት። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። አሳዘነኝ። አንድ ሰው ሥራውን በትክክል እየሠራ እንዲህ ሲጎዳኝ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም፤ አዝኖ ያየሁት ግን እሱን ብቻ ነው።

«ማን ነገረዎት ግን? እኔ ስሉልኝ አላልኩ።»

«ኦቲሊያ ናታ! “የድራሆሚራ ምላጭ ደንዟል፤ እሷ መጠየቅ ታፍራለች፤ እባክዎ አርብ አርብ ይዩላት” ብላኝ። በየሳምንቱም ታስታውሰኛለች። እንዲህ ያለች ጓደኛ የት ይገኛል!»

እውነቱን ነው። ኦቲሊያ ሁልጊዜም አሳቢ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ክር የቀጠለች ሰው የተሳለ ስለት ጫፍ እንደሚያበላሽ ታውቃለች፤ ግን ሰው ይረሳል። ምላጬ ስለት አለው ብላ አስባ ይሆናል። ንድፉን ጫካ ውስጥ አሳይቻት ነበር፤ ብርሃኑ ግን ጥሩ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 30

የይቅርታ ደብዳቤዬ ሙሉ ቃል፦ «ጓድ ኢንጂነር ዝድራዢል። ምላጬን አንተ አለመቀየርህን ተረድቻለሁ። ስለተናገርኩት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በሌላው ሁሉ አቋሜ እንዳለ ነው። ቫንኮቫ።»

አንብቦ ሲጨርስ፣ «ይሄ ይቅርታ ነው?» አለ።

«የደነዘ ይቅርታ ነው። የደነዘ ይሻላል፣ ይይዛል።»

ሳቅ አመለጠው። ክፉ ሰው አይደለም። ትምህርቱ ነው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 4

ከኦቲሊያ ጋር ምድር ቤት የፕሪም ማርማላታ ብልቃጦቻችንን ስንደረድር ተገናኘን። ሁለታችንም አንድ መደርደሪያ ነው ያለን፤ በግራ የሷ፣ በቀኝ የኔ።

«ምላጭሽ እንዴት ሆነ?»

«አሁን አይሳልም።»

«ጋሽ ሽቴርባ ነገረኝ።» አንድ ብልቃጥ አዙራ የተጻፈበትን ወደ ፊት መለሰች። «ሰኞስ?»

«ባለፈው ሰኞ አርባ ሦስት ያዘ።»

«ደስ አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲህ ደስ ይበልሽ፣ ድራሃ» አለችና መብራቱን ሳታጠፋ ወጣች። እሷ መብራት ሳታጠፋ አትወጣም ነበር።

ጠየቅኋት? አልጠየቅኋትም። ምኑ ይጠየቃል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 7

አርባ አምስት። ትናንትም አርባ አምስት። ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ ማነው ስንት ሰው እንደሚቀር የሚያሰላው ብዬ ክሮውፓን ልጠይቀው በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ስልክ ላይ ነበር። የቢሮ ጉዳይ ነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15

ኮሚሽኑ ነገ ነው። ነገ አርብ ነው። ጋሽ ሽቴርባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ምሎልኛል፤ ግን ምላጩን ሲያይ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ አይቻለሁ። ፈትቼ በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። የበር ጠባቂው ቦርሳዬን ከፍቶ፣ «ምንድነው ይሄ?» አለ።

«ምላጭ።»

በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄማ አይቆርጥም» ብሎ መለሰልኝ። ነገ ኮሚሽኑ ይህን ያህል ቢገባው ጥሩ ነበር።

አርብ፣ ኖቬምበር 16

አምስት ሰዎች፣ ጥቁር ካፖርት፣ ሁሉም ጉንፋን ይዟቸዋል። ሊቀ መንበሩ ማነጻጸሪያ ይኑር አለ፤ ዝድራዢል ሃምሳ፣ እኔ ሃምሳ፣ በእጅ ደግሞ ሃምሳ። ለእጁ ኦቲሊያን ጠሩ። የተተኮሰ ሽርጥ ለብሳ መጣች፤ ማንንም ሰላም አላለችም።

ዝድራዢል፣ ሃያ አንድ።

እኔ፣ አርባ ስምንት።

ኦቲሊያ፣ ሃምሳ።

ሊቀ መንበሩ የሷን ክር በማጉያ መነጽር እያየ፣ «እጹብ ድንቅ» አለ፤ «ሰው ግን ይደክማል።» ጻፈው።

«አልደከመኝም» አለች ኦቲሊያ።

«አሁን ማለቴ አይደለም፣ እትዬ። በጠቅላላው ነው።»

ከዚያ ወደ ጋሪው ዞሩ። አንዱ፣ ይህ መቁረጫ ለምን ደነዘ ብሎ ጠየቀ፤ ዝድራዢልን ነው የጠየቀው። ዝድራዢል አፉን ሲከፍት እኔ ቀደምኩት። አልተፈቀደልኝም ነበር።

«መቁረጫ ስላልሆነ ነው» አልኩ። «ይህ የሴት ጣት ነው። መጀመሪያ ያላላል፣ ከዚያ ይበጥሳል። መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ መጽሐፍ የሚጽፉት ክር የማይነኩ ሰዎች ናቸው። ስታጸድቁት እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፤ በሦስተኛው አዳራሽ ሴቶች እጅ ተለክቶ የተሠራ። ካልጻፋችሁ እኔ አልፈርምም።»

ክሮውፓ ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀ መንበሩ አስነጠሰና «ይጻፍ» አለ።

ጻፉት! በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እኛ የተጻፈ የመጀመሪያው እውነት ነው። ዞሬ ኦቲሊያን ፈለግኋት።

«ሠላሳ አራት ሚሊሜትር፣ አይደል?» አለችኝ።

«ሠላሳ አራት» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፤ ሽርጧን ፈትታ በአራት አጠፈችና ወደ ፈረቃዋ ተመለሰች። ልከተላት ስል ሊቀ መንበሩ እጄን ሊጨብጥ መጣ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 22

የጋሪውና የመቁረጫው የፈጠራ መብት ወረቀት ረቂቅ መጣ። ዝድራዢል አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።

ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ፣ «በፊደል ተራ ነው» አለችኝ።

«በየትኛው ፊደል? በኛ ፊደል ቫንኮቫ ከዝድራዢል ትቀድማለች።»

አየችው። በጣቷ ቆጠረች። እንደገና አየችው።

«ታትሟል እኮ።»

«እንደገና ይታተማላ። እዚህ እጠብቃለሁ፤ መጽሐፍ ይዣለሁ።»

ልቦለዱን አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሻዩን ጨርሰው ሊጋደሉ ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሌላ ወረቀት ታተመ። ቫንኮቫ፣ ዝድራዢል። ዝድራዢል ራሱ በኮሪደሩ ሲያልፍ አይቶ፣ «እኔ እኮ እንዲህ እንዲሆን ነግሬያቸው ነበር» አለ። ይህ እውነት መሆኑ በጣም አናደደኝ።

እቤት ስገባ የኦቲሊያን በር አንኳኳሁ፤ ላሳያት። እግሯ ይሰማ ነበር። ካንኳኳሁ በኋላ አልተሰማም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 3

የፋብሪካው የግድግዳ ጋዜጣ ሰው ፎቶ ሊያነሣኝ መጣ፤ ከጋሪው ጎን፣ መፍቻ በእጄ። «ፈገግ ይበሉ» አለኝ። «ጋሪው ፈገግ ሲል እኔም እላለሁ» አልኩት። መፍቻው የኔ አልነበረም፤ ለፎቶው ነው ያስያዙኝ። መለስኩና ምላጩን ይዤ ተነሣሁ። እንግዲህ ማንም ይበል፣ ዛሬ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት፤ ማንኪያ ያሉት ነገር ብርኖ ከተማ ወደሚደረገው የማሽን ትርዒት ይሄዳል፤ ስሜም ከላይ ነው።

ስወጣ በበር ጠባቂው መስኮት ላይ ከጃንዋሪ ጀምሮ የሚሠራው የሦስተኛው አዳራሽ ምደባ ተለጥፎ አየሁ። የማይቀሩት ሴቶች ክር ወደሚያነጡበት የማንጫ ክፍልና ወንዝ ማዶ ወዳለው ሸክላ ፋብሪካ ተመድበዋል፤ ኦቲሊያ ሸክላ ፋብሪካው ላይ ናት።

እስከ ዛሬ በአንድ ፈረቃ ሠላሳ ስምንት ሴቶች ነበሩ። በሚቀሩት ዝርዝር ላይ አምስት ስም አለ።